የቆየ የብስክሌት ሮለርን ማደስና የያዘውን የቤተሰብ ሱቅ ታሪክ ማቆየት

ለብዙ ዓመታት ብስክሌት ሲጠግንና ሲሸጥ የኖረ ቤተሰብ ሱቁን ሲዘጋ ወይም ለልጆቹ ሲያስረክብ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ወይም ከበሩ ኋላ ተደግፎ የቆመ ረጅም ፍሬም ይገኝ ይሆናል። ፍሬሙ ሦስት ሲሊንደሮች አሉት፤ አንዱ በአንድ ጫፍ ብቻውን፣ ሁለቱ ደግሞ በሌላው ጫፍ ተቀራርበው የተገጠሙ ናቸው። በጎኑ የደረቀ ቺንጋ ተንጠልጥሏል፣ ወይም ቺንጋው ይዞርበት የነበረው ጎድጓዳ መስመር ብቻ ቀርቷል። ይህ ብስክሌተኞች ከቦታቸው ሳይነቃነቁ የሚለማመዱበት ሮለር ነው። የወረሱት ሰዎች ብዙ ጊዜ ከውዳቂ ብረት ጋር ይጥሉታል፤ አለዚያም እስኪያብረቀርቅ ድረስ ፍቀውና ቀብተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። በእኔ እምነት ሁለተኛው ከመጀመሪያው እምብዛም አይሻልም። በፍሬሙ ላይ ያለው ጭረት፣ በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር፣ ከሌላ ዕቃ ተወስዶ የገባው ብሎን፣ ሱቁ በየዕለቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚመሰክሩና በሌላ መዝገብ የማይገኙ ማስረጃዎች ናቸውና።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል። ሮለሩ እንደገና እንዲጋለብበት ያደርጋል፤ ይህን ሲያደርግም የሱቁን ታሪክ እንዳያጠፋ ይጠነቀቃል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሮለሩ አሠራርና አመጣጥ

የኋላው ጎማ በሁለቱ ተቀራራቢ ሲሊንደሮች መካከል ይቀመጣል፤ የፊቱ ጎማ በሦስተኛው ላይ ያርፋል። ጋላቢው ፔዳሉን ሲመታ የኋላው ጎማ ሁለቱን ሲሊንደሮች ያዞራል፤ ከእነዚህ መካከል ወደ ፊት ያለው ሲሊንደር በቺንጋ አማካይነት የፊተኛውን ሲሊንደር ያዞራል፤ እርሱም የፊቱን ጎማ ያሽከረክራል። ብስክሌቱን የሚይዘው ምንም ነገር የለም። ብስክሌት ሚዛኑን የሚጠብቀው ጋላቢው መሪውን በጥቂቱ እያዞረ ጎማዎቹን ከክብደቱ ሥር ስለሚያመጣቸው ነው፤ የማይሽከረከር የፊት ጎማ ግን ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ሊሄድ አይችልም። ቺንጋው የተበጠሰበት ሮለር ላይ ማንም ሰው ሊጋልብ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሰንሰለት የሚነዳው፣ ሁለት እኩል ጎማዎች ያሉት ዘመናዊ ብስክሌት በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በሠራው ሮቨር በተባለው ብስክሌት መልኩን ያዘ፤ በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚሞላውን ጎማ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የብስክሌት ውድድር ከፍተኛ ተወዳጅነት ሲያገኝ በቤት ውስጥ የሚለማመዱበት ሮለርም አብሮ ተስፋፋ። በ1899 ሞንትሪያል ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ማርሻል ቴይለርና በዚያው ዓመት ከባቡር ኋላ አንድ ማይል በ57.8 ሰከንድ የጋለበው ቻርልስ መርፊ በቲያትር ቤት መድረክ ላይ በሮለር ተወዳድረዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ትርኢት ከሮለሮቹ ጋር የተያያዘ ትልቅ ባለ ጠቋሚ ሰሌዳ ርቀቱን ለተመልካቹ ያሳይ ነበር። እርስዎ ያገኙት ሮለር በጎኑ ትንሽ ጥርሳም ዘንግ ወይም የገመድ መውጫ ካለው፣ እርሱም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ይነዳ እንደነበር ያስቡ፤ ምንም ሥራ የሌለው መስሎ ቢታይዎትም አይቁረጡት።

መጀመሪያ መመዝገብ፣ ከዚያ መንካት

አቧራውን እንኳ ከመጥረግዎ በፊት ሮለሩን ብርሃን ባለበት ቦታ ያስቀምጡና ከላይ፣ ከሥር፣ ከአራቱም ጎኖች ፎቶግራፍ ያንሱት። ከዚያ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርገው እያበሩ እንደገና ያንሱት፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን በቀጥታ ሲታዩ የማይነበቡ ጭረቶችን፣ የደበዘዙ ጽሑፎችንና በመዶሻ የተመቱ ቁጥሮችን ጥላ እየሰጠ ያወጣቸዋል። በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ውስጥ ማስመሪያ ያስገቡ። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ዲያሜትር በሦስት ቦታ፣ በሁለቱ ጫፎችና በመካከል፣ በካሊፐር ለክተው ይጻፉ። የኋለኞቹ ሲሊንደሮች ቦታ ሊለዋወጥ የሚችል ከሆነ፣ የትኛው በየትኛው በኩል እንደነበር በወረቀት ላይ ይሣሉ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ስለተማርኩት ነው። ከዓመታት በፊት የእንጨት ፍሬም ያለው ሮለር ተረክቤ የመጀመሪያ ሥራዬ ያደረግሁት በሞቀ ውሃና በሳሙና ማጠብ ነበር። ከፍሬሙ ሥር በእርሳስ የተጻፉ አጫጭር ቁጥሮችና ፊደሎች እንደነበሩ አይቻለሁ፤ አናጺው ያሰመራቸው ምልክቶች መስለውኝ በብሩሽ ጠረግኋቸው። ከሳምንታት በኋላ በወጣትነታቸው በዚያ ሱቅ ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ሊያዩት መጡ። ፍሬሙን ገለበጡና ጣታቸውን በንጹሑ እንጨት ላይ እያስኬዱ፣ «እዚህ ጋ የነበረው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። ፊደሎቹ የደንበኞች ስም መነሻ፣ ቁጥሮቹ ደግሞ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ብስክሌት የፊተኛው ሲሊንደር የሚገባበት ቀዳዳ ቁጥር ነበሩ። ማን ሲለማመድ እንደነበር የሚናገር ብቸኛው ዝርዝር እርሱ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድም ፎቶግራፍ አላነሣሁም።

ዕድሜውን ከዕቃው ማንበብ

ቤተሰብ «ይህ የአያታችን ነው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአያት ዕቃ ሁሉ በአያት ዘመን የተሠራ አይደለም፣ አንዳንዱም ሲገዛ አሮጌ ነበር። ስለዚህ ዕድሜውን ከቁሳቁሱ መገመት ያስፈልጋል። መርሁ ቀላል ነው። አንድ ዕቃ በውስጡ ካለው የመጨረሻ አዲስ ኦሪጅናል ክፍል ሊቀድም አይችልም፤ ከባዱ ነገር የትኛው ክፍል ኦሪጅናል፣ የትኛው የጥገና እንደሆነ መለየት ነው።

የብረት ክፍሎቹን ቅብ ይመልከቱ። ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫነት የሚያዘነብል ነጭ ከሆነ ኒኬል ነው፤ ቀዝቃዛና ሰማያዊነት ያለው መስተዋት ከሆነ ክሮም ነው። የክሮም ቅብ በፋብሪካ ሥራ የተስፋፋው ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በመሆኑ ሁሉም ክፍሎቹ ኒኬል የሆኑበት ሮለር ከዚያ ሊቀድም ይችላል። ቀጥሎ ቪቴዎቹን ይዩ። ባለ አንድ መስመር ቪቴ በማንኛውም ዘመን ሊኖር ይችላል፤ የመስቀል ቅርጽ ያለው ግን ከ1930ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጣ ነው። መለያ ጽሑፍ ካለው በላዩ ያለው የአገር ስምም ይረዳል። እንግሊዝ ከውጭ የሚገቡ፣ የእንግሊዝ አምራች ወይም ነጋዴ ስም ያለባቸው ሸቀጦች ላይ የተሠሩበት አገር ምልክት እንዲኖር ያስገደደችው በ1887 ባወጣችው ሕግ ሲሆን፣ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ደግሞ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ የሚጠበቅ ነው። መለያው የአሜሪካ አድራሻ ካለው፣ ከከተማው ስም ቀጥሎ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ካለ ከ1943 ወዲህ፣ ባለ አምስት አኃዝ ካለ ከ1963 ወዲህ ታትሟል ማለት ነው።

ሲሊንደሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በቶርኖ የተስተካከለ ጠንካራ እንጨት፣ ከዚያ የብረት ቱቦ፣ ከዚያም ቀላል አሉሚኒየም በአጠቃላይ የጊዜ ቅደም ተከተል ቢኖራቸውም እርስ በርስ እየተደራረቡ ለረጅም ዘመን ስለኖሩ በዚህ ብቻ ዓመት መወሰን አይቻልም። በአንድ ሮለር ላይ ሁለት የእንጨትና አንድ የብረት ሲሊንደር ካገኙ ግን ስለ ፋብሪካው ሳይሆን ስለ ሱቁ የሚናገር ነገር አግኝተዋል። አንዱ ሲሰነጠቅ በእጅ ባለ ቱቦ ተክተውታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ክፍል «ለማስተካከል» ብለው አይለውጡት።

የሚያውቁትን ሰዎች ሮለሩ ሳይፈታ መጠየቅ

ሮለሩ ከመፈታቱ በፊት የሱቁን ሽማግሌዎች፣ የቀድሞ ሠራተኞችንና ደንበኞችን ያነጋግሩ። ዕቃው ከፊታቸው ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ሰው ዕቃውን በእጁ ሲነካው በጥያቄ ብቻ የማይመጣ ትዝታ ይመጣለታል። «ስለ ሱቁ ይንገሩኝ» የሚለው ጥያቄ በጣም ሰፊ ስለሆነ አጭር መልስ ያስከትላል። ይልቁንም «ይህን ማን ያነሣው ነበር? የት ይዘረጋ ነበር? ቺንጋው ሲበጠስ በምን ይተኩት ነበር? ድምፁ እስከ ቤት ይሰማ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ፈቃዳቸውን ጠይቀው ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ የተናገሩበትን ቀንና የእርሳቸውን ስም በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ያስገቡ።

ከሚሰሙት ታሪክ አንዳንዱ በመለካት ሊፈተን ይችላል፤ ይህ ለእኔ የሥራው በጣም አስደሳች ክፍል ነው። ለምሳሌ «አያታችን በዚህ ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይጋልብ ነበር» የሚል ወሬ ቢኖር ወዲያውኑ ማጋነን ነው አይበሉ። በሮለር ላይ የሚገፋ ንፋስ የለም፤ በመንገድ ላይ የፈጣን ጋላቢን ጉልበት ከሁሉም በላይ የሚበላው ደግሞ ንፋሱ ነው። ፊቱ 48 ጥርስ፣ ኋላው 16 ጥርስ የሆነና የጎማ ዙሪያው 2.1 ሜትር የሆነ ብስክሌት በአንድ የፔዳል ዙር 6.3 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ለመድረስ በደቂቃ 185 ጊዜ ያህል መዞር ይኖርበታል። ይህ የሠለጠነ ጋላቢ ለጥቂት ጊዜ ሊያደርገው የሚችል ነው። በሌላ በኩል ፍጥነቱን የተናገረው ቆጣሪው ከሆነ ሲሊንደሩን ይመርምሩ። ቆጣሪው የሚቆጥረው የሲሊንደሩን ዙር ነው፤ የእንጨት ሲሊንደር ደግሞ ሲጎድፍ በቶርኖ እንደገና ይላጥ ነበር። 114 ሚሊ ሜትር የነበረው 108 ከሆነ ቆጣሪው ከእውነቱ 5.6 በመቶ ያህል አብልጦ ያሳያል፤ 70 የተባለውም በእውነቱ 66 ገደማ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ሲደረግ ታሪኩ መሠረት ያገኛል፤ አያትም አይዋረዱም።

የሱቁ መዝገብ ደብተር ካለ ከሮለሩ ጋር አብረው ያንብቡት። የኩሽኔታ፣ የቆዳ ገመድ ወይም የቫርኒሽ ግዢ የተመዘገበበት ቀን የጥገናውን ጊዜ ሊነግርዎት ይችላል። ገጾቹን ሳይገነጥሉ ፎቶግራፍ ያንሱ፣ በፕላስቲክ አያስለብጡ፣ የተቀደደውንም በተለጣፊ ፕላስተር አይጠግኑ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያበላሻል። የደንበኞች ዕዳ የተጻፈበትን ገጽ ለሌሎች ከማሳየትዎ በፊት ግን ልጆቻቸው በሕይወት እንዳሉ ያስታውሱ።

መፍታትና ማጽዳት

ለመፍታት ልክ መፍቻ፣ ለቪቴው አፍ በትክክል የሚገጥም ካቻቪቴ፣ ዘልቆ የሚገባ ዘይትና ትዕግሥት ያስፈልጋሉ። በዝገት የተያዘ ዳዶ ላይ ዘይቱን ጨምረው እስከ ማግስቱ ይተዉት፤ ከዚያ በመጀመሪያ በጥቂቱ ለማጥበቅ ይሞክሩ፤ ዝገቱ ሲሰበር ያን ጊዜ ይፍቱት። የወጣውን እያንዳንዱን ዳዶና ሮንዴላ ወደ መጣበት ብሎን መልሰው ይሰኩት፤ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አያደባልቁ። በቆዩ ሮለሮች ላይ የኢንችና የሜትሪክ ጥርሶች አብረው ሊገኙ ይችላሉ። አንድ አራተኛ ኢንች 6.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ጋር በዓይን ይመሳሰላል፤ ዳዶ በጣት ከሁለት ዙር በላይ ካልሄደ አያስገድዱት፤ ጥርሱን ይበላዋል።

እንጨቱን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ካስፈለገም በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ። ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ጨርሶ አይንኩት። ብረት ላይ ያለውን ዝገት በዘይት የራሰ ደቃቅ የብረት ሱፍ ያነሣዋል፤ የኒኬል ቅብ ስስ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉት። የቆየ ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ አይፋቁ፤ አቧራው ለልጆች በተለይ አደገኛ ነው። በእንጨቱ ላይ የተልባ ዘይት ከቀቡ፣ ዘይቱ የነካውን ጨርቅ አጣጥፈው አይጣሉ፤ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ኩሽኔታዎቹ

ሮለር ፈጣን ማሽን መሆኑ በቀላሉ ይዘነጋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲጋለብ 114 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ሲሊንደር በደቂቃ 1,400 ጊዜ ያህል፣ 76 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ ወደ 2,100 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ የደረቀ ግራሶና የተቆረጠመ ኩሽኔታ ማሻሸት ብቻ ሳይሆን መፋጀትም ያመጣል።

በጣም የቆዩት ላይ እንደ ብስክሌት አክስል ተፈትቶ የሚስተካከል፣ ጥይቶቹ በነጠላ የሚቀመጡ ዓይነት ሊያገኙ ይችላሉ። ጥይቶቹን ቆጥረው ያውጡ፣ በነጭ ጋዝ ያጥቧቸው፣ የሚዞሩበትን ጎድጓዳ ቦታ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ጎድጓዳው ለስላሳ ከሆነ ጥይቶቹን ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ማሸጊያ በወጡ አዲሶች ይተኩ። አሮጌና አዲስ ካደባለቁ አዲሶቹ በጥቂቱ ስለሚበልጡ ክብደቱን ሁሉ እነርሱ ብቻ ይሸከማሉ። ሲያስተካክሉ መንገጫገጩ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ያጥብቁ፤ አክስሉ በጣት ሲዞር እንደ አሸዋ የሚሰማ ከሆነ ከልክ በላይ ጠብቋል።

ዝግ ኩሽኔታ ከሆነ በጎኑ ያለው ቁጥር መጠኑን ይነግርዎታል። 6200 የሚለው የ10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ 30 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 9 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ 6201 ደግሞ 12 በ32 በ10 ነው። ቁጥሩ ከጠፋ አክስሉን ይለኩ። 9.5 ሚሊ ሜትር የሚል ካገኙ አክስሉ ያረጀ 10 አይደለም፤ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው፤ የሚስማማውም አር 6 የተባለው የኢንች ኩሽኔታ ነው። አዲሱን ሲያስገቡ የሚመታው ወይም የሚገፋው ጥብቅ ሆኖ የሚገባው ቀለበት ብቻ ይሁን፤ ሲሊንደር ውስጥ ሲያስገቡት የውጩን፣ አክስል ላይ ሲያስገቡት የውስጡን። በሞርሳ መካከል ቀስ ብሎ መግፋት ከመዶሻ ይሻላል። የወጡትን አሮጌ ኩሽኔታዎች በዘይት ወረቀት ጠቅልለው፣ ከየት እንደወጡ ጽፈው ከሮለሩ ጋር ያስቀምጡ።

ሲሊንደሮቹን መፈተሽ

የተሰነጠቀ የእንጨት ሲሊንደር፣ ስንጥቁ በጣት ጥፍር የሚያዝ ከሆነ፣ አይጋለብበትም። ለእይታ ይቀመጥና ለግልቢያ ሌላ ይሠራለት። ጤነኛ መስሎ የታየውን ሲሊንደር ደግሞ ፍሬሙ ላይ አስቀምጠው የተሳለ እርሳስ በአንድ ነገር ላይ አጥብቀው ያስሩ፤ ጫፉን ሲሊንደሩ እስኪነካ ድረስ አስጠግተው በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት። እርሳሱ አንድ በኩል እየነካ በሌላው በኩል የሚርቀው ክፍተት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ግልቢያው የተረጋጋ ይሆናል፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ካለፈ ብስክሌቱ ይንቀጠቀጣል።

ክብነቱ ትክክል ቢሆንም ክብደቱ ሊያዘነብል ይችላል። ግራሶ ያልገባበት ንጹሕ ኩሽኔታ ላይ ሲሊንደሩን በቀስታ አዙረው እስኪቆም ይጠብቁ፤ ከሥር የሆነውን ነጥብ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ አምስት ጊዜ ይደጋግሙት። ምልክቶቹ በየቦታው ከተበተኑ ሚዛኑ ጥሩ ነው። ሁሌም በአንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ያ ጎን ከብዷል። ከመሐል 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለ 20 ግራም ትርፍ ክብደት፣ ቀደም ሲል ባልነው ፍጥነት፣ በየሰከንዱ 23 ጊዜ ያህል የ2 ኪሎ ግራም ክብደት በሚያህል ኃይል ፍሬሙን ይገፋዋል። መፍትሔው በቀለለው በኩል፣ በሲሊንደሩ መዝጊያ ውስጥ፣ ጥቂት ሰም መለጠፍና እንደገና መሞከር ነው። ልኩ ከተገኘ በኋላ የሰሙን ያህል በሚመዝን ትንሽ የብረት ቁራጭ በማጣበቂያ ይተኩት። ከባዱን ጎን መብሳትም ይሠራል፤ የተበሳ ግን አይመለስም።

በመጨረሻ ሲሊንደሮቹን ገጥመው በአክስሎቹ መካከል ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ ይለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ከበለጠ ብስክሌቱ ሳያቋርጥ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ ጋላቢውም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ቺንጋውን መሥራት

አሮጌው ቺንጋ ቆዳ፣ የጥጥ ገመድ ወይም ላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ቢሆን ያስቀምጡት እንጂ አይጠቀሙበት። ለግልቢያ ክብ ቅርጽ ያለው የፖሊዩሬታን ገመድ እመርጣለሁ፤ በሙቀት ስለሚገጣጠም መጋጠሚያው አይንኳኳም።

ርዝመቱን ለማስላት ቺንጋው በሚያገናኛቸው ሁለት አክስሎች መካከል ያለውን ርቀት በሁለት ያባዙ፤ የጎድጓዳውን መስመር ዲያሜትር በ3.14 አባዝተው ይጨምሩበት። ርቀቱ 960 ሚሊ ሜትር፣ ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን 1,920 ሲደመር 314፣ ማለትም 2,234 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቺንጋው ተወጥሮ እንዲይዝ 4 በመቶ ቀንሰው 2,145 ሚሊ ሜትር ላይ ይቁረጡት። ሁለቱን ጫፎች ቀጥ አድርገው ቆርጠው በጋለ ቢላ ሁለት ጎን ላይ አንድ ላይ ያስነኳቸው፤ ዙሪያውን የቀለጠ ከንፈር ሲያወጡ ቢላውን ስበው ወዲያውኑ ያጋጥሟቸውና ሳያንቀሳቅሱ ይያዙ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አይሳቡት፤ ከዚያ ትርፉን በስለት ይላጡ። መስኮት ይክፈቱ፤ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ቺንጋው ቀጥ ብሎ መዞር አለበት፤ እንደ ስምንት ቁጥር ከተጠማዘዘ የፊቱ ጎማ ወደ ኋላ ይዞራል።

ለብስክሌቱ ማስተካከልና መጋለብ

ብስክሌቱን ሮለሩ ላይ አቁመው አንድ ሰው ይያዝልዎት። ከፊቱ ጎማ አክስል ክር ላይ የተንጠለጠለ ብሎን ያውርዱ። የፊተኛው ሲሊንደር መሐል ከክሩ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት መቅደም አለበት። ወደ ኋላ ከሆነ ጎማው በላዩ አልፎ ሊወርድ ይሞክራል፤ ከልክ በላይ ከቀደመ ደግሞ መሪው ይከብዳል። ሲሊንደሩን በአንድ ቀዳዳ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢያንቀሳቅሱ የቺንጋው መንገድ በ5 ሳንቲ ሜትር ይለወጣል፤ ይህን ያህሉን ፖሊዩሬታን ይችለዋል። እኔ ያጠብኋቸው ቁጥሮች ይመዘግቡ የነበሩት ይህንኑ ቀዳዳ ነበር።

ሮለሩን በበር መቃን መካከል ያስቀምጡት፤ ሁለቱም ክርኖችዎ ግድግዳ ያገኛሉ። ጎማው ለስላሳ መሬት ነክ ያለው፣ በደንብ የተነፋና ያልተሰነጣጠቀ ይሁን። በመካከለኛ ማርሽ፣ አንድ እጅ መቃኑን ይዞ፣ በደቂቃ 80 ወይም 90 ዙር እስኪደርሱ ይምቱ፤ በዝግታ መጋለብ በሮለር ላይ ከፍጥነት ይከብዳል። ዓይንዎ የፊቱን ጎማ ሳይሆን ከፊትዎ ሁለት ሦስት ሜትር ያለውን ቦታ ይይ። ለማቆም ፔዳል መምታቱን ትተው መቃኑን ይያዙ። ከሮለሩ የወረደ ብስክሌት እንደ ጥይት ይወነጨፋል የሚባለው እውነት አይደለም፤ የሚሽከረከሩት ጎማዎቹ እንጂ ብስክሌቱና ጋላቢው የሚጓዙ አይደሉም፤ በጎማዎቹ ያለው ጉልበት ወዲያው ያልቃል። እውነተኛው አደጋ ቺንጋውና ሲሊንደሩ የሚገናኙበት ቦታ ነውና ልጆች አጠገቡ አይቁሙ።

ከመጀመሪያው ግልቢያ ድምፁን ያድምጡ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የብስክሌቱ ጎማ በሰከንድ 4 ጊዜ ያህል ሲዞር ሲሊንደሩ ከ20 ጊዜ በላይ ይዞራል። ምቱን መቁጠር ከቻሉ ችግሩ ያለው በእርስዎ ጎማ ወይም ቸርኬ ላይ ነው፤ መቁጠር የማይቻል ጉርምርምታ ከሆነ ከሲሊንደሩ ነው።

የሱቁን ታሪክ መጻፍ

አሁን የተሰበሰበው ሁሉ ወደ አንድ ማኅደር ይገባል። የሱቁን ታሪክ በባለቤቶች ስምና ዓመት ብቻ መጻፍ ቀላል ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር ግን አይናገርም። በኋላ አውሮፕላን የሠሩት የራይት ወንድማማቾች በ1892 በአሜሪካ ዴይተን ከተማ የከፈቱት የብስክሌት ሱቅ ዛሬ የሚታወሰው በሸጠው ብስክሌት ብዛት አይደለም። በ1901 የአየር ግፊትን ለመለካት ተጨማሪ ጎማ በብስክሌት መሪ ላይ ጋድም አድርገው ገጥመው የጋለቡት ከዚያ የሥራ ልምድ በመነሣት ነበር። የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ ከሱቆቻቸው የመጨረሻውን ሕንፃ በ1937 ወደ ዲርቦርን ሲያዛውር የጠበቀው ያንን የሥራ ቦታ ነው። ሚላን ውስጥ ብስክሌት ሠሪው ፋሊየሮ ማዚ በቪጎሬሊ የብስክሌት ሜዳ ሥር የነበረችውን ወርክሾፕ ልጁ አልቤርቶ ሲረከባት አብሮ የተረከበው የእጅ ሙያውን ነው። የእርስዎም ሱቅ እንዲሁ በሥራው ይጻፍ። ለእያንዳንዱ አረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ ከጎኑ ይመዝግቡ፦ ከዕቃው፣ ከደብተሩ ወይም ከሰው አፍ። ሦስቱ ሲጋጩ አንዱን አይሰርዙ፤ ግጭቱን እንዳለ ይጻፉት። ፎቶግራፎቹንና ቀረጻዎቹን በሦስት ቅጂ፣ አንዱን በሌላ ቤት ያስቀምጡ።

ሮለሩን ከፀሐይና ከእርጥብ ወለል አርቀው፣ ቺንጋውን አላልተው ያኑሩት። ከዚያ ለስላሳ እርሳስ ይውሰዱና ከፍሬሙ ሥር፣ የቀድሞው ጽሑፍ በሌለበት ቦታ፣ የዛሬውን ቀን፣ የገቡትን ኩሽኔታዎች ቁጥር፣ የቺንጋውን ርዝመት፣ የስምዎን መነሻ ፊደልና ብስክሌትዎ የሚገጥምበትን ቀዳዳ ይጻፉ።